ሐረር ልንሄድ ነው፤ እንደ ሰፈሩ ሰው የሚያኖር ምክር ስጡን

የጉለሌዋ

ሰላም ለቤቱ። በሚቀጥለው ወር ከታናሽ እህቴ ጋር ሐረር ልንሄድ ነው። እሷ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባታችን ወጣትነቱን ያሳለፈው እዚያ ስለሆነ ስለ ሐረር ስንሰማ ነው ያደግነው። ሁለታችንም ግን አላየናትም።

የተለመደውን ጉብኝት ሁላችንም እናውቀዋለን። በሮቹ፣ ራምቦ ቤት፣ ማታ ጅብ ሲቀለብ ማየት፣ በማግስቱ ወደ ድሬ። ሩጫ ነው። እኛ ጥቂት ቀን ተቀምጠን ከተማዋን ከውስጥ ማየት ነው የምንፈልገው። ሰዉ ቁርስ የት ይበላል? ከሰዓት በኋላ የት ይገባል? ሆቴል ይሻላል ወይስ ጀጎል (በግንብ የታጠረው የድሮ ከተማ) ውስጥ ቤት? አስጎብኚ የግድ ነው? እባካችሁ የምታውቁ ዘርዝሩልን። «ጅቡ እንዳያመልጣችሁ» የሚል መልስ አይቆጠርም፤ በደንብ ሰምተናል።

ሸዋ በር

አቦ እንኳን ሐረርን አሰባችኋት! ተወልጄ ያደግኩት ጀጎል ውስጥ ነው። አሁን ለሥራ አዲስ አበባ ነኝ፤ ምክንያት እየፈለግኩ እመላለሳለሁ።

ሐረር ላይ «የት ልሂድ» ከማለታችሁ በፊት «አሁን ስንት ሰዓት ነው» በሉ። ብዙ እንግዳ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ከድሬ አርፍዶ ይነሳል። ቀትር ላይ ጀጎል ይገባል። ትንሽ ዞር ዞር ሲል ሱቁ ሁሉ መዘጋጋት ይጀምራል። «ከተማው ሞቷል» ብሎ ይመለሳል። ማንም አልሞተም፤ በርጫ (ጫት እየቃምን ጨዋታ) ላይ ነን።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ባትነሱም አዛኑ ያስነሳችኋል። በ48 ሄክታር ግቢ ውስጥ 82 መስጊድ ነው ያለው። በዚያ ሰዓት ከገጠር የሚመጡት የኦሮሞ እናቶች በየበሩ ይገባሉ። ማገዶ፣ አትክልት፣ ወተት ይዘው። ሸዋ በር ወይም ፈላና በር ደጅ ላይ ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉና እዩ፤ ሌላ ሥራ የለባችሁም። ቁርስ ፉል ነው። ካልሆነ ፈጢራ፣ በእንቁላልና በማር። ፈረስ መጋላ (የጀጎል መሀል አደባባይ) አካባቢ ብዙ ሰው የተቀመጠበት ቤት ግቡ። ቁጢም አለ፤ ከቡና ቅጠል ይፈላል፣ ወተትና ጨው ይገባበታል። እሱን ግን ካፌ ውስጥ አትጠይቁ። የቤት ነገር ነው፤ ሰው ቤት ስትገቡ ጠይቁ።

3 ሰዓት ግድም ከፈረስ መጋላ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ውረዱ። የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ነው። ከሱቁ ጨርቅ ግዙና ደጁ ላይ ለተቀመጠው ሰፊ ስጡት። ልኬት ሲወሰድ፣ ዋጋ ሲቆረጥ፣ «ነገ ነይ» ሲባል፣ በነገው ስትመለሱ፣ ሰውየው የእናንተ ሰው ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ባለፋችሁ ቁጥር ሰላም የሚላችሁ አለ። እውነቱን ለመናገር እኔ ይህንን ከየትኛውም ሙዚየም አስበልጣለሁ።

መንገዱ የሚያወጣችሁ ጊድር መጋላ ነው። ሥጋ ተራ። ጣራው ላይ ጭልፊቶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሥጋ በእጃችሁ አንጠልጥላችሁ እንዳትዞሩ፤ ይነጥቋችኋል፤ ቀልድ አይደለም።

ከ6 ሰዓት በኋላ ጫት ይገባል። ከ8 እስከ 10 ግድም ምንም አታቅዱ። ተኙ። ወይ የጠራችሁ ሰው ካለ እሱ ቤት ሂዱ። ከ11 በኋላ ከተማዋ እንደገና ትከፈታለች። ሳምቡሳ ይጠበሳል፣ ባጅያ ይጠበሳል፣ ሰው ሁሉ ደጅ ይወጣል፣ ሱቁ ያበራል። የሐረር ምርጥ ሰዓት ከ11 እስከ ማታ 2 ነው። ጅቡም በዚያው መሀል ስለሚውል ለብቻው አትሩጡለት።

ከዚራ

ወሪያ! ድሬን «በማግስቱ ወደ ድሬ» ብላ አለፈቻት! አውሮፕላኑ የሚያርፈው እኛ ጋ መሆኑን አትርሱ እንጂ።

ለማንኛውም መንገዱን ልንገራችሁ። ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ኮንትራት አትያዙ፣ ሚኒባስ ግቡ። የደንገጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ በሐሮማያና በአወዳይ ያልፋል፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አወዳይ ላይ የጫቱን ገበያ ከመስኮት ታዩታላችሁ። ሐሮማያ ሲደርስ ደግሞ ያ ደርቆ የነበረው ሐይቅ ውሃ ተመልሶበታል፤ እዩት። ተሳፋሪው ያወራችኋል። ሐረር ሳትደርሱ ቤት የጠራችሁ ሰው ቢኖር አይግረማችሁ።

ጃኬት ያዙ። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር 1,885 ሜትር ነች፤ ማታ ማታ ይበርዳል። ከአዲስ አበባ በመኪና ለመሄድ ካሰባችሁ ግን የሰሞኑን የመንገድ ሁኔታ ሰው ጠይቃችሁ ተነሱ።

አንድ ነገር ደግሞ። እኛም ሐረሮችም አንቱታ ላይ ሰነፍ ነን። የማያውቃችሁ ልጅ «አንቺ ነይ እስቲ» ቢል ንቀት አይደለም። አዲስ አበቤ እዚህ ላይ ፊቱ ሲቋጠር አይቻለሁ።

ሒሳብ_ክፈል

ይቅርታ፣ ልረብሽ። ይህ «እንደ ሰፈሩ ሰው» የሚሉት ፋሽን አይገባኝም። የሐረር ሰው ውሃ በተራ ነው የሚያገኘው። በርሜል ይሞላል፣ ጄሪካን ይሸከማል። ቀበሌ ይመላለሳል፣ ኪራይ ይከፍላል። እናንተ ፈጢራ በልታችሁ፣ ቀሚስ አሰፍታችሁ ትመለሳላችሁ። ጎብኚ ነን ብትሉ ምን ነውር አለው? ሆቴል እደሩ፣ ለአስጎብኚ ክፈሉ፣ ቅርጫት ግዙ። ከተማዋን የሚጠቅማት እሱ ነው።

የጀጎሏ

ሒሳብ ክፈል፣ ስለ ውሃው ልክ ነህ። ግማሹ ግን ቀርቶሃል።

እኛ ቤት እንግዳ እናሳድራለን። የናቴ ቤት ነው፣ የድሮው «ጌይ ጋር» (የሐረሪ ባህላዊ ቤት)። ክፍያ አለው፤ በነፃ ነው ብዬ አልዋሽም። እንግዳ መሆን ግን እዚህ አገር ራሱን የቻለ ቦታ አለው። የሰፈር ሰው መስላችሁ መታየት የለባችሁም። ማንም አያምናችሁም፣ ማንም አይጠብቅባችሁምም። እንግዳ እንዴት ይገባል፣ የት ይቀመጣል፣ ምን ይዞ ይመጣል፣ እሱን ካወቃችሁ ቤቱ ራሱ ያስተምራችኋል።

ስትገቡ ጫማ ደጅ ነው። ትልቁ ክፍል ውስጥ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት መደቦች አሉ። ነደባ እንላቸዋለን። እያንዳንዱ የራሱ ባለቤት አለው። አሚር ነደባ የቤቱ ትልቅ ሰው የሚቀመጥበት ነው። ከእሱ ማን ገባ ማን ወጣ ይታያል። ሮጣችሁ እዚያ እንዳትወጡ። ቆም በሉ፤ «እዚህ ጋ» ትባላላችሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቅርጫትና ሳህን ለጎብኚ የተሰቀለ እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው የናቴ ጥሎሽና የአክስቶቼ ስፌት ነው። «ይሸጣል?» ብሎ መጠየቅ ደስ አይልም። ልግዛ ካላችሁ የሚሸጡ ሴቶች አሉ፤ እናሳያችኋለን።

ባዶ እጅ አትምጡ። ስኳር፣ ቡና፣ ፍራፍሬ፣ ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። የአሜሪካ ቸኮሌት አምጡ አላልኩም (ብታመጡ ግን ልጆቹ አይጠሉም)።

አሁን ስለ ውሃ። ድሮ የሐሮማያ ሐይቅ ነበር የሚያጠጣን። እሱ ሲደርቅ ከድሬ በኩል ከጉድጓድ ተስቦ መምጣት ጀመረ። ዛሬም ሲመጣ እንሞላለን፣ ሳይመጣ ከበርሜል እንቀዳለን። እኛ ቤት የሚያድር ሰው በባልዲ ይታጠባል። ይህን ቀድሜ ነው የምናገረው። «ሻወር ከሌለ አይሆንልኝም» የሚል ካለ ከጀጎል ውጭ ሆቴል ይያዝ፤ አንቀየምም። ጠዋት ተነስቶ አብሮን በርሜል የሞላ እንግዳ ግን አይረሳንም። ሒሳብ ክፈል የጠቀስከው ጄሪካን እኮ ከዝርዝሩ አልወጣም።

ምግብ ደግሞ ሁልበት ጠይቁ። አብሽ ተዘፍዝፎ፣ አረፋ እስኪያወጣ ተመትቶ፣ ከመረቅ ጋር የሚቀርብ ነው። ምግብ ቤት ገብቶ የሚገኝ አይደለም። ሠሪዋም ከዋዜማው ማወቅ አለባት። ስለዚህ ዛሬ ጠይቃችሁ ነገ ነው የምትበሉት።

ደብተሬ

እኔ አስጎብኚ ነኝ። ስሜን አልጽፍም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስል።

ለመጀመሪያው ጠዋት አስጎብኚ ያዙ፤ ከዚያ በኋላ አያስፈልጋችሁም። ጀጎል ውስጥ መጥፋት አይቻልም ማለት ይቻላል። ወደ ታች ከሄዳችሁ ግንቡ ያቆማችኋል፣ ግንቡን ተከትላችሁ በር ታገኛላችሁ። ግንቡ ዙሪያውን 3.5 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ኤሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲያስገነቡት አምስት በር ነበረው። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። መኪና የሚገባበት ሰፊው በር የኋላ ጭማሪ ነው። በሰው ሁሉ አፍ «አምስት በር» እየተባለ ስድስት ስትቆጥሩ ግራ አትጋቡ።

መታወቂያ ያንጠለጠለውን ነው የምትይዙት። ዋጋ ሳትነሱ ተስማሙ። ምን እንደሚጨምርም ጠይቁ። የሙዚየም መግቢያና የቤት መግቢያ ለየብቻ ነው የሚከፈለው። «እኔ መደበኛውን ዙር አልፈልግም፤ አንተ ጠዋት የምትሄድበትን አሳየኝ» በሉት። አብዛኞቻችን ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል። ሁሌ ያንኑ ታሪክ መድገም ይሰለቻል።

ስለ ራምቦ ቤት እውነቱን ልንገራችሁ። ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1880ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሐረር ነግዶ ኖሯል፤ ይህ እርግጥ ነው። ያ ቤት ግን እሱ ካለፈ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ የሠራው ነው። ቢሆንም ግቡ። የድሮ የሐረር ፎቶዎች አሉ፣ ከላይ ሆናችሁም ጀጎልን ታያላችሁ። የሸሪፍ ሙዚየምን ደግሞ አትዝለሉ። ከየቤቱ የተሰበሰቡ የእጅ ጽሑፎች፣ ጌጣጌጥና የድሮ ገንዘብ አሉበት። አንድ የከተማው ሰው በራሱ ተነሳሽነት የሰበሰበው ነው።

ፎቶ። ገበያ ላይ ያሉ እናቶችን ሳትጠይቁ አታንሱ። ብዙዎቹ አይወዱም፤ አንዳንዶቹ ይከፈለን ይላሉ። ሁለቱም መብታቸው ነው። መጀመሪያ ዕቃ ግዙ፣ አውሩ፣ ከዚያ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ስልኩን ኪስ ውስጥ።

ታናሿ

እኔ ነኝ እህቷ። አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ እያነበብኩ ነው።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ አማርኛዬ ይሰማል ግን ይሰባበራል። አለባበሴም ያስታውቃል። «ፈረንጆ» እየተባልኩ በፈረንጅ ዋጋ ልገዛ ነው? ሁለተኛ፣ ሁለት ሴቶች ብቻችንን ማታ ብንዞር ምን ይመስላል? ሦስተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በርጫ ላይ ከሆነ እኛ ጫት ካልቃምን ቤት ተዘግቶብን ልንቀር ነው? አባታችን ይህን አልነገረንም ሃሃ።

ሸዋ በር

ታናሿ፣ ሦስተኛውን እኔ ልመልስ።

በርጫ ላይ ለመቀመጥ መቃም ግዴታ የለበትም። «አልቅምም» በይ፣ ሻይ ወይ ውሃ ይቀርብልሻል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። የሚያስቀይመው ተጠርቶ መቅረት ነው። ሳይጠሩ ሰተት ብሎ መግባትም አይሆንም፤ ለጓደኛሞች የተያዘ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ላይ ወሬው ይሞቃል፣ ሁሉም ያወራል፣ አገር ይስተካከላል። በኋላ ዝምታ ይመጣል። ያኔ አንቺም ዝም በይ፤ «ምነው ዝም አላችሁ» አትበይ። የሴቶቹ ለብቻ የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው። እናንተ እንደ እንግዳ ሁለቱም ጋ ልትቀመጡ ትችላላችሁ፤ የሴቶቹ ግን ጨዋታው ይበልጣል ይላሉ። እኔ አልገባም፣ ምስክር አይደለሁም።

ስለ ዋጋው፣ ሰፊውን ወይ ባለሱቁን «ወንድሜ ቀንስልኝ» በይው። በተሰባበረ አማርኛ ከሆነ እንዲያውም ይሻላል። ጥቂት ኦሮምኛ ከቻልሽማ አለቀ፤ ገበያው ላይ ከአማርኛ ይልቅ እሱ ነው የሚሠራው። ትንሽ አስበልጠው ቢሸጡልሽ ግን አትጨቃጨቂ። ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ ለአንቺ የማኪያቶ ዋጋ አይሆንም።

የጀጎሏ

ስለ ማታው። ጀጎል ውስጥ ማታም ሰው ነው፤ ዋናው መንገድ ላይ እስከ 2 ሰዓት ተዘዋወሩ። ከዚያ በኋላ ጠባቡ መንገድ ጨለማ ስለሆነ ከቤቱ ልጅ ጋር ሂዱ። ስልክና ቦርሳችሁን እንደማንኛውም ከተማ ጠብቁ። ልብስ ሰፋ ያለ፣ ጉልበት የሚሸፍን። ነጠላ ወይ ሻርፕ ከቦርሳችሁ አይጥፋ፤ አዋች (የወልዮች መቃብር ያለበት የጸሎት ቦታ) ልትገቡ ከሆነ ትከናነባላችሁ።

ጠባብ መንገድ ላይ ጅብ ብታዩ ደግሞ ግድግዳውን ያዙና አሳልፉት። አጥንት ፍለጋ ነው የሚመጣው። ግንቡ ላይ የጅብ መግቢያ ቀዳዳ ተትቶለታል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልፍ ያልፋል፣ አንድም ቀን አልተጣላንም። ግን አትንኩት፣ አትከተሉት።

ፒካም_የሐረሩ

ለንደን ነኝ። ለታናሿ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። ሰው ለስንብት ጫት ጠቅልሎ ቢሰጥሽ ተቀበይና አውሮፕላን ማረፊያ ሳትደርሺ ለሌላ ስጪው። እዚህ እንግሊዝ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። አሜሪካም ክልክል ነው። «የባህል ነገር ነው» ብሎ ማስረዳት አይሠራም። በምትኩ ቡና ያዢ። ጀጎል ውስጥ ቆልተው የሚሸጡ ቤቶች አሉ፤ ከሩቅ በመዓዛው ታገኙታላችሁ።

ጅዳ_ነዋሪ

ጊዜ መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ሸዋሊድን ነው የምመክረው። ከረመዳን በኋላ የስድስት ቀኑ የሸዋል ጾም ሲፈታ የሚከበር በዓላችን ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2023 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ጀጎል ራሱ የተመዘገበው በ2006 ነው። ሌሊቱን ዚክር (መንፈሳዊ ዜማ)፣ ከበሮ፣ ጭብጨባ ነው፤ ወጣቱ የሚተያየውም ያኔ ነው። እኛ ከጅዳም ከቶሮንቶም የምንመለሰው ለእሱ ነው። በዚያ ሳምንት አልጋ አይገኝም፣ ዘመድ ቤትም ይጣበባል።

በረመዳን ከሄዳችሁ ቀኑ ይገለበጣል። ቀን ላይ ጀጎል ውስጥ የሚበላ ነገር ፍለጋ አትንከራተቱ። ማታ ግን ሙሸበክ (የተጠበሰ ጣፋጭ) እና ሳምቡሳ በየደጁ ነው።

ሒሳብ_ክፈል

የባልዲዋን እህት አከብራታለሁ፤ ቢያንስ ቀድማ ትናገራለች። የኔ ጥያቄ ግን አሁንም አለ። ሁሉም እንግዳ «ሰው ቤት ልደር፣ በርጫ ልጠራ» ካለ ነገ ያ ቤት ትርኢት ነው የሚሆነው። ሰዎቹ ለካሜራ ሊቅሙ ነው?

የጀጎሏ

ተጀምሯል እኮ። ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ፣ አሚር ነደባ ላይ ፎቶ ተነስቶ፣ ለአሥር ደቂቃ ዞሮ የሚወጣበት ጊዜ አለ። እናቴ በዚያ ሰዓት ጓዳ ትገባለች። ስለዚህ ነው ጥቂት ሆኖ የሚያድረውን የምንመርጠው። ያ የሚከፍለው ገንዘብ ጣራ ያስጠግናል። የድሮ ቤት ማቆየት ውድ ነው፤ ጭቃው በየጊዜው ይለሰናል፣ እንጨቱ ይቀየራል። ብዙዎች አፍርሰው በብሎኬት ሠርተዋል፤ አልፈርድባቸውም። ትርኢት ይሁን አይሁን የምንወስነው እኛ ነን።

የጉለሌዋ

ከጠበቅኩት በላይ ነው ያገኘሁት። እህቴ ባልዲውን ተስማምታለች፤ አጉረምርማ ነው እንጂ። እቅዳችን ይኸው። ከድሬ በጠዋቱ ሚኒባስ፣ የመጀመሪያው ጠዋት ከአስጎብኚ ጋር፣ ከዚያ ለብቻችን። ጨርቅ እናሰፋለን፣ ከሰዓት እንተኛለን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ባቢሌ የግመል ገበያ ማየት እንፈልጋለን። ሰኞና ሐሙስ ነው አሉኝ። የቱ ይሻላል?

ሸዋ በር

ሐሙስ ያዙ። ጠዋት ባቢሌ፣ ማታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሐሙስ ምሽት አዋቾቹ ጋ ዚክር ስላለ ሁለቱንም ታገኛላችሁ። የጀጎሏን ጠይቋት፤ የትኛው አዋች እንደሆነ እሷ ታውቃለች፣ ፈቃዱንም ትጠይቅላችኋለች።

ባቢሌ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ናት፤ ከመናኸሪያ ሚኒባስ አለ። 2 ሰዓት ሳይሞላ ተነሱ፣ ፀሐይዋ ስትከር ገበያው ይሳሳል። ሻጮቹ በአብዛኛው ሶማሌና ኦሮሞ ናቸው። ግመሎቹ ኋላ አትቁሙ። የገዢና የሻጭ እጅ በጨርቅ ሥር ተያይዞ ካያችሁ ዋጋ እየተነጋገሩ ነው፤ ቀረብ ብላችሁ አትዩ። ስትመለሱ ለውዝ ግዙ፣ የባቢሌ ለውዝ ስም ያለው ነው። የግመል ወተት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ይበቃል፤ የመመለሻው መንገድ ላይ መጸዳጃ የለም።

ከዚራ

ለውዙን ግዙ፣ ከዚያ ድሬ አምጡት፤ ማታ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር እንበላዋለን። ሻይ በእኔ ነው።